ለአንድ ክሊክ ስንት ልክፈል?

የማርኬቲንግ ባለሙያ መሆኔን የሚያውቁ ወዳጅ ዘመዶች አንድ ጥያቄ ያዘወትራሉ፤ «ጎግል ላይ ማስታወቂያ ባወጣ ያዋጣኛል?» ይሉኛል። እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፤ «ከአንድ ትዕዛዝ ላይ በእጅሽ የሚቀረው ስንት ብር ነው?» የሚሸጡበትን ዋጋ ሁሉም ወዲያው ይነግሩኛል። የሚቀራቸውን ለመናገር ግን ብዙዎቹ ያመነታሉ። ማስታወቂያው ማዋጣት አለማዋጣቱ የሚታወቀው ደግሞ በዚህች ቁጥር ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን በአጭሩ እንይ። አንድ ሰው ጎግል ላይ «የልደት ኬክ አዲስ አበባ» ብሎ ሲፈልግ፣ ከውጤቶቹ ጋር የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎችም ሊመጡለት ይችላሉ። ባለ ድርጅቱ የሚከፍለው ማስታወቂያው ስለታየ ሳይሆን ሰው ሲነካው ነው። ዋጋው የሚወሰነው በእያንዳንዱ ፍለጋ ላይ በቅጽበት በሚካሄድ ጨረታ ነው። ጨረታውን የሚያሸንፈው ግን ሁልጊዜ ብዙ የሚከፍለው አይደለም፤ ጎግል ማስታወቂያው ለተፈለገው ነገር ምን ያህል እንደሚስማማና ሰው የሚደርስበት ገጽ ምን ያህል እንደሚጠቅም ጭምር ይመዝናል። ስለዚህ ጥሩ የተዘጋጀ ትንሽ ድርጅት ከትልቁ ባነሰ ዋጋ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ከፌስቡክና ከቲክቶክ ጋርም ልዩነት አለው። እዚያ ሰውየው ሌላ ነገር እያየ ሳለ ነው ማስታወቂያችሁ የሚመጣበት። እዚህ ግን ራሱ ፈልጎ፣ ጽፎ መጥቷል። ለዚህም ነው የቧንቧ ጥገናን፣ የመኪና ኪራይን፣ የእንግዳ ማረፊያን ለመሳሰሉ ሰው ሲቸግረው ለሚፈልጋቸው አገልግሎቶች የሚስማማው። ማንም ገና የማያውቀውንና የማይፈልገውን አዲስ ዕቃ ለማስተዋወቅ ግን አይሆንም።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ

ቤቷ ኬክ እየጋገረች የምትሸጥ አንዲት እናት አለች እንበል። አንዱን ኬክ በ3,000 ብር ትሸጣለች። ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ካርቶኑ፣ መብራቱ፣ ማድረሻውና የራሷ ድካም ሲደመር 2,100 ብር ቢሆን የሚቀራት 900 ብር ነው። ማስታወቂያዋን ከነኩ 100 ሰዎች መካከል 4ቱ ኬክ ያዛሉ ብንል፣ 100 ክሊክ የሚያስገባላት 3,600 ብር ነው። ይህ ለ100 ሲካፈል 36 ብር ይመጣል።

ይህች 36 ብር ጣሪያዋ ናት። ለአንድ ክሊክ 36 ብር ከከፈለች የምትሠራው ለጎግል ነው። 18 ብር ከከፈለች ግማሹ ይቀራታል። 45 ብር ከከፈለች ደግሞ ለ100 ክሊክ 4,500 ብር አውጥታ 3,600 ታገኛለች፤ በእያንዳንዱ ኬክ ላይ 225 ብር ከሰረች ማለት ነው። ክፋቱ፣ ስልኩ ይጠራል፣ ትዕዛዙ ይበዛል፣ ቤቱ ይሞቃል፤ ሥራው የሄደ ይመስላል። ትዕዛዙ በበዛ ቁጥር ግን ኪሳራው ይጨምራል። እንዲህ ያለው ገንዘብ የሚወጣው ከቤት ወጪ ወይም ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ስለሆነ ቤተሰቡ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

«ከ100 ሰው ስንቱ እንደሚያዝ በምን አውቃለሁ?» ብትሉ፣ በሙከራ ነው። ለሚደውል ሁሉ «የት አገኙን?» ብላችሁ ጠይቁና መዝግቡ። በ20 ክሊክ አትፍረዱ፤ ቢያንስ 200 እስኪሞላ ጠብቁ። ወቅቱንም አትርሱ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የኬክ ፈላጊው ፍላጎት ይለወጣል፤ ያኔ የጾም ኬክ ያላት ሴት ማስታወቂያዋንም በዚያው ልክ መለወጥ አለባት።

ብሩ የሚያፈስባቸው ቀዳዳዎች

የመጀመሪያው ቃላቱ ናቸው። «ኬክ» የሚለውን ቃል ብቻ ከመረጣችሁ «የኬክ አሠራር» የሚፈልገውም፣ የኬክ ፎቶ የሚፈልገውም፣ በኬክ ቤት ሥራ የሚፈልገውም ይነካዋል፤ ሁሉንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። «አሠራር»፣ «ፎቶ»፣ «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚሉትን በሚከለከሉ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንደመጡ የሚያሳየውን ሪፖርት በየሳምንቱ አንብቡ። የእኛን አጻጻፍም አስቡበት፤ አንዱ «ሰርግ» ሌላው «ሠርግ» ብሎ ይጽፋል፣ ብዙው ሰው ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ይፈልጋል። ሁሉንም አካትቱ።

ሁለተኛው ቦታው ነው። አዲስ አበባን ስትመርጡ ጎግል ሳይጠይቃችሁ የሚወስደው ምርጫ በከተማዋ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ለከተማዋ ፍላጎት ያሳዩትንም ይጨምራል። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው ማስታወቂያችሁን ሊያይ ይችላል። ለእናቱ የልደት ኬክ ከውጭ ሆኖ ለሚያዝ ሰው ይህ በረከት ነው፤ እንዲያውም ለብቻው ማስታወቂያ ይገባዋል። ሶፋ ለሚያጥብ ድርጅት ግን ብክነት ነው፤ «በቦታው ያሉ ብቻ» ወደሚለው ይቀይረው።

ሦስተኛው ከፍለጋው ውጭ በሌሎች ድረ ገጾች ላይም ማስታወቂያው እንዲታይ የሚፈቅደው ምርጫ ነው። ተመርጦ ሊመጣ ስለሚችል፣ ለጀማሪ ማጥፋቱ ይሻላል።

አራተኛው ስልክ የማይነሳበት ሰዓት ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚያነሳ ከሌለ ማስታወቂያው በዚያ ሰዓት ለምን ይታያል? የሚታይበትን ቀንና ሰዓት መወሰን ይቻላል። ሰው ነክቶ የሚደርስበት ገጽም ዋጋ፣ የሚደርስበት ሰፈርና ስልክ ቁጥር ከላይ ይኑረው። ፈላጊው ዋጋ ለማወቅ ሦስት ቦታ መዞር ካለበት ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ የእናንተ ብር ግን ተከፍሏል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጎግል ካርታ ላይ ድርጅትን ማስመዝገብ በነጻ ነው። እሱ ሳይደረግ ማስታወቂያ መክፈል «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። አስቀድሙት።

ክፍያውን በወኪል ወይም ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ የምትፈጽሙ ከሆነ ሁለት ነገር አጥብቁ። የወኪሉን ኮሚሽንና የምንዛሪውን ልዩነት በክሊኩ ዋጋ ላይ ደምሩ፤ 18 ብር የመሰላችሁ 25 ሊሆን ይችላል። አካውንቱ ደግሞ በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፤ ወኪሉ እንደ ረዳት ይግባ። በእሱ ስም ከሆነ፣ በተለያያችሁ ቀን የሰበሰባችሁት መረጃ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

የቀን በጀቱንም በትክክል ተረዱት። በቀን 200 ብር ብትመድቡ ጎግል በአንዳንዱ ቀን እስከ 400 ሊያወጣ ይችላል፤ በወር የሚያስከፍላችሁ ግን ከቀን በጀቱ 30.4 እጥፍ፣ ማለትም ከ6,080 ብር አይበልጥም። ስለዚህ ከቤተሰባችሁ ጋር የምትመክሩበት ቁጥር 200 ሳይሆን 6,080 ነው። ያ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የቤት ኪራይ ወይም እቁብ የሚያስተጓጉል ከሆነ በግማሹ ጀምሩ።

በመጨረሻም፣ የሚቆምበትን መስመር ዛሬ ጻፉ፤ «ከ200 ክሊክ በኋላ የአንዱ ዋጋ ከጣሪያዬ በላይ ከሆነ አቆማለሁ» በሉ። ገንዘቡ መውጣት ከጀመረ በኋላ «ትንሽ ልጠብቅ» ማለት ቀላል ነው፤ ቀድሞ የተጻፈ ቁጥር ግን አይለማመጥም። ማስታወቂያው ሳይከፈት በፊት ሁለት ቁጥሮች ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፉ፤ ከአንድ ትዕዛዝ የሚቀራችሁና ለአንድ ክሊክ የምትከፍሉት ጣሪያ። መልካም ገበያ!