ለባሕሩ ዳርቻ ቲኬት አይቆረጥም

በእንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይ ልጆች የምታሳድጉ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ክረምት ዕረፍታችሁ ነው። ትምህርት ቤት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይዘጋል። ልጆቹ ስድስት ሳምንት ያህል ቤት ይውላሉ፤ አገር ቤት እንዳትወስዷቸው የአውሮፕላኑ ዋጋ በዚያ ሰሞን አይቀመስም። አቅም ያለው ከዘመድ ጋር ተዋጥቶ ባሕር ዳር ካራቫን ይከራይና ለአንድ ሳምንት ይወጣል። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ኪራዩ በስንት ድካም ከተከፈለ በኋላ ሳምንቱ በሙሉ ለመዝናኛ ቦታ፣ ለመጫወቻ ማሽን፣ ለመኪና ማቆሚያ ሲከፈል ያልቃል። ከካራቫኑ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ግን ማንም ሳይወጣው ወደ ለንደን ይመለሳል። የዚያ አካባቢ ትልቁ ሀብት በነጻ የሚገኘው ነበር።

ብዙዎቻችንን የሚያግደን ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሰው ማሳ ረግጦ ማለፍ ነውር ነው ተብለን አድገናል። ስለዚህ የእርሻ በር ስናይ እንቆማለን፣ ሰው የሚቆጣን ይመስለናል። እዚህ አገር ግን በማሳ መካከል የሚያልፉ የሕዝብ የእግር መንገዶች አሉ፤ ቢጫ ቀስት ካያችሁ በእግር የማለፍ መብታችሁ በሕግ የተጠበቀ ነው። የገበሬውን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። በሩን መልሳችሁ ዝጉ፣ ከመንገዱ አትውጡ፣ ጥጃ የምታጠባ ላም ካለች ራቅ ብላችሁ እለፉ፤ ይህን የመጨረሻውን ከብት ሲጠብቁ ያደጉት አባቶቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከማይንሄድ እስከ ፑል ወደብ ድረስ የደቡብ ምዕራብን ጠረፍ ተከትሎ የሚዞረው መንገድ ብቻውን 1,014 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእርሱ ላይ አንድ ሰዓት መሄድም ሆነ አምስት ቀን መጓዝ ክፍያ የለውም።

ካየኋቸው ጠረፎች ሁሉ ለቤተሰብ የምመርጠው የዶርሴትን ምዕራብ፣ በቻርማውዝና በላይም ሪጂስ ዙሪያ ያለውን ነው። ዩኔስኮ በ2001 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጁራሲክ ጠረፍ አካል ነው። በቻርማውዝ ዳርቻ ባሕሩ ሲጎድል ልጆች በጠጠሩ ላይ ተንበርክከው አሞናይት ይፈልጋሉ። አሞናይት እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ዛጎል የነበረው የባሕር እንስሳ ነው፤ ከ190 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እዚያ ይኖር ነበር። አንዳንዱ ቅሪት እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል፣ መጠኑም ከጥፍር አይበልጥም። መዶሻ አያስፈልግም። ማዕበል አጥቦ ያወጣውን ከጠጠሩ መካከል ማንሳት ይፈቀዳል፤ ገደሉን መቆፈር ግን ክልክልም አደገኛም ነው፣ ጭቃውና ድንጋዩ ሳይታሰብ ይናዳልና። ምን እንዳገኙ ያላወቁ ልጆች ዳርቻው ላይ ወዳለው የቅርስ ማዕከል ይዘውት ይግቡ። መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚያስረዳቸውም ሰው ያገኛሉ።

ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት የሜሪ አኒንግን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በ1799 ላይም ሪጂስ ውስጥ ከድሃ አናጺ ተወለደች። አባቷ በ1810 ዕዳ ጥሎ ሲሞት ቤተሰቡ ከዳርቻው የለቀመውን ቅሪተ አካል ለጎብኚ እየሸጠ ነበር የሚኖረው። ገና አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሳለች ከወንድሟ ጋር ኢክቲዮሳውር የተባለውን ግዙፍ የባሕር ፍጥረት አጽም አወጣች፤ በ1823 ደግሞ የመጀመሪያውን ሙሉ የፕሌሲዮሳውር አጽም አገኘች። ሊቃውንቱ ከእርሷ እየገዙ ጻፉበት፣ ማኅበራቸው ግን ሴት በመሆኗ አላስገባትም። ሐውልቷ የቆመላት በ2022 ነው፤ ዘመቻውን የጀመረችው አንዲት የአካባቢው ልጅ ከእናቷ ጋር ሆና ነበር። ቤታቸው ሀብት የሌለው፣ ስማቸውን አስተማሪ አጣሞ የሚጠራባቸው ልጆቻችን ይህን ታሪክ እዚያው ጠጠሩ ላይ ቆመው ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ሌላም የምትነግሯቸው አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሻገሩ በአባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ የተሠራው የቻርማውዝ አሞናይቶች በኖሩበት በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ወለል ነው። በመቀሌ ዙሪያ ያለውም እንዲሁ። ዛሬ ደጋ የምንለው አገር ባሕር ነበር፤ የባሕር ፍጥረታት ቅሪትም በድንጋዩ ውስጥ ይገኛል። እንግሊዝ ተወልዶ የአያቱን አገር በፎቶ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ፣ በእጁ ከያዘው ድንጋይ ተነስቶ እስከ አባይ በረሃ የሚደርስ ትምህርት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከቻርማውዝ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ዊትቸርች ካኖኒኮረም በምትባል መንደር የቅድስት ዊት ዐፅም ያረፈበት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በእንግሊዝ የተሐድሶ ዘመን የቅዱሳን ዐፅም ያረፈባቸው ቦታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ሲፈርሱ ይህ ተረፈ። በ1900 በውስጡ ያለው የድንጋይ ሣጥን ሲከፈት ዐፅሟ ከነስሟ ተገኝቷል። ከሣጥኑ በታች ሦስት ሞላላ ቀዳዳዎች አሉ፤ ድሮ ሕመምተኞች እጅና እግራቸውን ያስገቡባቸው ነበር፣ ዛሬም ሰው ልመናውን በወረቀት ጽፎ ያኖርባቸዋል። በአቅራቢያው ሞርኮምብሌክ ደግሞ በስሟ የሚጠራ፣ ለዓይን ሕመም ይፈውሳል የተባለ ምንጭ አለ። ጸበል ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ በ1978 ለንደን ውስጥ በመርዝ የተገደለው ቡልጋሪያዊው ስደተኛ ደራሲ ጆርጂ ማርኮቭ ተቀብሯል። ከአገሩ ርቆ የሞተ ሰው መቃብር ፊት ስንቆም የምናስበው የየራሳችን ነው።

ዕረፍቱ ከፍልሰታ ጾም ጋር መግጠሙን እንደ ችግር የሚያነሱ አሉ፤ እኔ እንደ በረከት አየዋለሁ። የምሳውን ጣጣ ያቀለዋል፦ እንጀራ በሽሮ፣ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ መውጣት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ በየዓመቱ ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ፤ ከመብራት ራቅ ብሎ ብርድ ልብስ ላይ መጋደም ብቻ ይበቃል። ከነሐሴ ጀምሮ በአጥሩ ሁሉ ብላክቤሪ ይበስላል፤ ገጠር ያደጉት የኛ እንጆሪ ዘመድ መሆኑን ሲያዩት ያውቁታል። ለቤት መልቀም ይፈቀዳል። በላይም ሪጂስ ወደብ ልጆች በገመድ ሸርጣን ያጠምዳሉ። የአገሩ ሰው ለማጥመጃ የአሳማ ሥጋ ይጠቀማል፤ ከዓሣ ሻጭ የተጣለ የዓሣ ጭንቅላት ያንኑ ይሠራል። መንጠቆ አይጠቀሙ፣ ሸርጣኑንም ብዙ ሳያቆዩ ወደ ውኃው ይመልሱት።

አሁን የምለውን በጥሞና ስሙኝ። አብዛኞቻችን ደገኞች ነን፣ ዋና አንችልም። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ ይለያያልና ሳታዩ አትውጡ። ከላይም ሪጂስ ወደ ቻርማውዝ በዳርቻው ሲሄዱ ውኃው ሞልቶ ከገደሉ ሥር መውጫ የሚያጡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ውኃው እየጎደለ ሳለ ውጡ፣ መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። ልጅ ወደ ውኃ የሚገባው የነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት፣ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መካከል ብቻ ይሁን። በአየር የሚነፋ ጀልባና ፍራሽ ቤት ይቅር፣ ነፋስ ወደ ጥልቁ ይገፋዋል። ውኃ የወሰደው ሰው ከመታገል ይልቅ በጀርባው ተንጋሎ ይንሳፈፍ፤ ዳር ያለው ደግሞ 999 ደውሎ ኮስትጋርድ ይበል። ተከትሎ አይግባ።

ከመካከላችን ባሕርን መጀመሪያ ያወቀው በጨለማ፣ በተጨናነቀ ጀልባ ላይ የሆነ አለ፤ አብሮት የተሳፈረ ወዳጁን ያጣም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ና ውረድ፣ እግርህን አስነክር ብላችሁ አታስጨንቁት። ጎልደን ካፕ የሚባለው 191 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ ላይ አብራችሁት ውጡ፤ ከዚያ ባሕሩ ከሩቅ ነው፣ ሜዳውና ላሞቹ ቅርብ ናቸው። ካልፈለገ ደግሞ አለመፈለጉ ይከበርለት።

ጉዞው ነጻ አይደለም። ከለንደን ዋተርሉ እስከ አክስሚንስተር ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ አለ፤ የቤተሰብና ጓደኞች የባቡር ካርድ የያዘ ከአዋቂው ዋጋ ሲሶውን፣ ከልጆቹ 60 በመቶውን ይቀንሳል። ከዚህ የሚረክሰው ግን አንድ ሙሉ አውቶቡስ ተከራይቶ በጋራ መሄድ ነው። ይህ የማኅበራትና የሰበካ ጉባኤያት ሥራ ነው። በየዓመቱ ለእግር ኳስ ውድድርና ለኮንሰርት አውቶቡስ ስናዘጋጅ ኖረናል፤ በመጪው ክረምት አንዱን ለእናቶችና ለልጆች ዶርሴት እንላከው። ስም መመዝገብ ከፋሲካ ማግስት ቢጀመር ይደርሳል።