ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ታላቅ የአይሮፕላን ትርዒት ይደረጋል። ትርዒቱ ወደዚያ የተዛወረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ሲሆን፣ ዛሬ 10,000 ያህል አይሮፕላኖች ወደ አካባቢው ይጎርፋሉ። አያሌ አብራሪዎችም በክንፋቸው ሥር ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ይህን የሚያይ ሰው «እንዴት ያለ ነጻነት ነው!» ይል ይሆናል። እኛ ግን ነጻነቱን ያስገኘው አስቀድሞ የተነበበ ደንብ ነው እንላለን።

አነስተኛዎቹ አይሮፕላኖች ከሪፖን እስከ ፊስክ የባቡሩን ሐዲድ እየተከተሉ አንዱ ካንዱ ኋላ ይሰለፋሉ። ከፍታቸው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ጫማ፣ ፍጥነታቸውም በሰዓት 90 የባሕር ማይል ነው። በፊስክ ያለው ተቆጣጣሪ አይሮፕላኑን በቀለሙና በክንፉ ዓይነት ይጠራዋል፤ አብራሪውም ቃል ሳይመልስ ክንፉን ያወዛውዛል። ሁሉም ልናገር ቢል ማን ማንን ይሰማል?

እንግዲህ ማስታወቂያውን ሳያነብ፣ የመጠባበቂያ ነዳጅ ሳይዝ፣ ሌላ ማረፊያም ሳያስብ የሚመጣ አብራሪ ደፋር ሊባል አይገባውም፤ የፊተኛውንና የኋለኛውን ሰው ሕይወት ሳያስፈቅድ አስይዟልና። ስለዚህ ድንኳንና ካስማ ከመጫኑ በፊት ወረቀቱን ያንብብ፤ ሰልፉ በበዛ ጊዜም ዞሮ በሌላ ሜዳ ማረፍን እንደ ውርደት አይቁጠረው። ድንኳን ነገም ይተከላል።