ዝናምን ከሰማይ ማየትና በምድር መስፈር

ስለ ዓባይ ውሃ የሚናገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ ስለ ዝናሙ ሊናገር ይገባዋል፤ ወንዙ የዝናሙ ልጅ ነውና። በግብፅ አገር፣ በካይሮ፣ በሮዳ ደሴት ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ861 ዓ.ም. የቆመው የውሃ መለኪያ ምሰሶ የወንዙን ከፍታ በክንድ ሲያስታውቅ ብዙ ዘመን ኖሯል። ነገር ግን ምሰሶው የሚያስታውቀው ወርዶ የደረሰውን ውሃ ነበር እንጂ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የዘነመውን አልነበረም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደ ተባለ፣ የወንዙን ነገር ለማወቅ የሚፈልግ ወደ ደመናው መውጣት ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ያለው የዓባይ ተፋሰስ ስፋቱ ከ170 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዚህ ምድር ሁሉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ብቻ ቢወርድ ከ170 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የበለጠ ውሃ ይሆናል። እንግዲህ በመስፈሪያው ላይ እንደ ኢምንት የሚቈጠር ስሕተት በተፋሰሱ ላይ ሲደመር እጅግ ብዙ እንደ ሆነ ማንም ያስተውለዋል። የዝናም መለኪያ ጣቢያዎች ግን በአብዛኛው በከተማና በመንገድ አጠገብ የተተከሉ ስለ ሆኑ፣ ገደሉና በረሃው፣ ሰው የማይደርስበትም ተራራ ሳይሰፈር ይቀራል።

ይህን ጕድለት ለመሙላት የዘመኑ ጥበብ ሳተላይትን አስገኝቷል። አሜሪካና ጃፓን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በኅብረት ያመጠቁት ትርም የተባለው ሳተላይት የዝናም ራዳር ይዞ ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ አገልግሎቱንም በ2015 ፈጽሟል። በ2014 የተከተለው ጂ.ፒ.ኤም. የተባለው ከሌሎች ሳተላይቶች ጋር ሆኖ፣ ምድርን ወደ ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ክፍል እየከፈለ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የዝናም ግምት እንዲገኝ አድርጓል።

ይሁን እንጂ ግምት ግምት ነው፤ ስፍር አይደለም። ብዙዎቹ ሳተላይቶች የሚያዩት የደመናውን ራስ ነው፤ ራሱ እጅግ የቀዘቀዘ ከሆነ ይዘንማል ብለው ይፈርዳሉ። ስለዚህ ከፍ ብሎ የቀዘቀዘ ደመና ሳይዘንም ዘነመ ይባልለታል፤ በደጋው ተራራ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያዘንመው ሞቅ ያለ ደመና ግን ሳይታይ ያልፋል። በቈላም ከደመናው የወጣው ጠብታ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ተንኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የሚበጀው ሁለቱን ማስማማት ነው። የኢትዮጵያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በአሜሪካ ከሚገኘው ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ተባብሮ የጣቢያዎቹን ቍጥርና የሳተላይቱን ግምት በማዋሐድ ለሀገሩ ሁሉ የሚሆን የዝናም መዝገብ ማዘጋጀቱ የተመሰገነ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰማዩ ዐይን ስላለው ምድሩ ምስክር አያስፈልገውም የሚል ሐሳብ ቢነሣ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ሳተላይቱ ትክክል መናገሩ የሚታወቀው፣ ከጧቱ በ3 ሰዓት ወደ መለኪያው ሄዶ ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በሚጽፈው ሰው ነው። ያ ሰው አንድ ቀን ቢታክት፣ ወይም መለኪያው ተሰብሮ ሳይጠገን ቢከርም፣ የጠፋውን ቀን ማንም መልሶ ሊሰፍረው አይችልም።

ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ ዐቅም አለው። እንዲህ ያለውን ውሃ የሚያስተዳድር ሀገር ስንት እንደ ዘነመ በእርግጥ ማወቅ አለበት፤ ገበሬውም የሚዘራበትን ጊዜ፣ ሱዳንም የጎርፉን መጠን፣ ግብፅም የሚደርሳትን ውሃ ለማወቅ የታመነ ቍጥር ይሻሉ። በአንድ መስፈሪያ የተስማሙ ሰዎች ክርክራቸው ያጥራል፤ መስፈሪያው የተጠረጠረ እንደ ሆነ ግን ሽማግሌም አያስታርቃቸውም። ስለዚህ ለሳተላይቱ ጥበብ የሚሰጠው ክብር በገጠር ላለችው መለኪያና ለጠባቂዋም ሊሰጥ ይገባል፤ ጣቢያዎቹ እንዲበዙ፣ የተሰበሩትም እንዲጠገኑ፣ የመዝጋቢውም ደመወዝ እንዳይጓደል መትጋት የውሃው ጉዳይ የሚመለከተው ሁሉ ግዴታ ነው።