የአሊዩ አምባ ቀረጥ እና የሴቶቹ ሊግ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አንኮበር፣ ከአንኮበር ደግሞ ገደሉን ተከትሎ ቁልቁል… ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ሲጀምር አሊዩ አምባ ይደረሳል። ዛሬ ስሟን የሚያውቅ የኳስ ተመልካች ጥቂት ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ከሸዋ ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የተነሳ ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፈው እዚያ ነው። ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ ያልፍባታል። ያልፍባታል ሲባል ግን ዝም ብሎ አያልፍም። የንጉሡ ሰዎች ቀረጡን ይቀበላሉ። ዕቃው የሚሄደው የትም ይሁን፣ ያለፈበት ቦታ ድርሻው ይቀራል።

ይሄ ከሴቶች እግር ኳስ ጋር ምን አገናኘው? የሚል አንባቢ ይኖራል። ይገናኛል።

ዛሬ ከአሊዩ አምባ ወይም ከሸዋ ሮቢት ኳስ የምትችል አንዲት ልጅ ብትነሳ መንገዷ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ቀጥሎ የወረዳ ውድድር፣ ዕድል ከቀናት የዞንና የክልል ምርጫ፣ ከዚያ የአንዱ ክለብ ዓይን። ዓይኑ ከገባች አውቶብስ ትሳፈራለች፣ አለቀ። ፊሽካ የነፋላት የስፖርት አስተማሪ፣ ከኪሱ ኳስ የገዛው የፕሮጀክት አሰልጣኝ፣ "ሴት ልጅ ምን ኳስ ያስሮጣታል" የሚለውን ጎረቤት የተከራከረች እናት… ለእነሱ ምን ተረፈ? በቴሌቪዥን ካዩዋት "የኛ ልጅ ናት" ማለት። ቀረጥ የሚቀበል የለም።

የሴቶች ፕሪምየር ሊግ ፉክክር የሞተው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያማርረው ከላይ ነው። "ንግድ ባንክ ሁሉንም ሰብስቦ ወሰደ፣ ሊጉን ገደለው" ይባላል። ሰንጠረዡን ያየ ሰው ቢል አይፈረድበትም። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ደደቢት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫ ወሰደ። በ2011 አዳማ ከተማ ተራውን አገኘ። የ2012ቱን ኮሮና አቋረጠው። ከ2013 እስከ 2016 ደግሞ ንግድ ባንክ አራት ጊዜ ደጋግሞ አነሳው። ዘጠኝ ዓመት፣ ሦስት ክለብ! በእነዚያ የባንክ ዓመታት የኳሱ ሰው "ዘንድሮ ማን ይበላል?" ሲባል "ሁለተኛ ማን ይወጣል ብለህ ጠይቀኝ" ይል ነበር።

ንግድ ባንክን ማማት ግን ፍትሕ አይደለም። ክለቡ በአሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው እጅ ቡድን ሠራ፣ ለተጫዋቾቹ የሥራ ዋስትና ሰጠ፣ ከአንድ ዓመት በላይ አሰበ። በወንዱም ሆነ በሴቱ ሊግ የወራት ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ፌዴሬሽን ደጅ ሲጠና ማየት ብርቅ ባልሆነበት አገር፣ ደመወዝ በቀኑ የሚከፍል ክለብ ጥሩ ተጫዋች ቢሰበስብ ምን ይገርማል? ልጅቷም ሰው ናት፣ ቤተሰብ ትረዳለች። የት ሂጂ ነው የምትባለው?

ደግሞም ባንኩ የመጀመሪያው አይደለም፤ ትናንት ደደቢት እንደዚሁ ነበር። ዱራሜ የተወለደችው ሎዛ አበራ በሀዋሳ ከተማ ታይታ ደደቢት ገባች፣ ጎል እንደ ጉድ አስቆጠረች። ከዚያ ደደቢት በገንዘብ ተናጋ፣ የወንዶቹ ቡድን በ2011 ከፕሪምየር ሊግ ወረደ፣ ዛሬ ደደቢት የሚባል ስም በሴቶቹ ሰንጠረዥ ላይ የለም። ዋንጫው ተነስቶ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ሎዛም ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታ፣ ተመልሳ የንግድ ባንክን ማልያ ለብሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ዲሲ ፓወር ገባች። እሰየው! ግን በዚህ ሁሉ ጉዞ ዱራሜ ስንት ኳስ አገኘች? ብሎ መጠየቅ የተለመደ አይደለም።

"አንድ ጠንካራ ክለብ ካለ አፍሪካ ላይ ይወክለናል፣ ምን ቸገረ?" የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች የሴካፋን ታሪክ ያስታውሱ። ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 የዞኑን ፍጻሜ በቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፈ። በ2023 ደግሞ ከታንዛንያው ጄኬቲ ኩዊንስ ጋር ደርሶ በመለያ ምት ቀረ። በ2024 አዲስ አበባ ላይ የኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1ለ0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳና ሞሮኮ ሄደ። ታሪክ ነው፣ ጭብጨባ ይገባዋል። ሞሮኮ ላይ ግን ከምድቡ ማለፍ አልቻለም። አገር ውስጥ በየሳምንቱ የሚፈትነው ያጣ ቡድን እንደነ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ያለ ጋር ሲገናኝ መቸገሩ አይቀርም። ሊጉ ቢጠነክር የመጀመሪያው ተጠቃሚ ራሱ ባንኩ ነው።

እሺ፣ ሌላው ዓለም ምን አደረገ? እዚህ ላይ ማንም ያልጠበቀው አገር ይመጣል፤ አውስትራሊያ። አውስትራሊያውያን የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው። ኳሱ እንቁላል መሳይ፣ ሜዳው ክብ መሳይ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ ላላየው ሰው ድብድብ የሚመስል ጨዋታ ነው። የሴቶቹን ሊግ እ.ኤ.አ. በ2017 በስምንት ክለብ ጀመሩ፣ በ2022 አሥራ ስምንት አደረሱት። ክለብ ሲበዛ ደካማው ይረገጣል ብለው ስለሰጉ ለደካማው ያደላ ሥርዓት ዘረጉ። ከታዳጊዎቹ ምርጧን የመምረጥ ተራ የሚሰጠው ለሻምፒዮኑ ሳይሆን ለመጨረሻው ነው። የደመወዝ ወጪም ጣሪያ አለው፣ ሀብታም ክለብ እንዳሻው አይበትንም። በ2022 የውድድር ዘመን ገብቶ አንድም ጨዋታ ያላሸነፈው የሲድኒ ቡድን በዓመቱ፣ በ2023፣ ለጥሎ ማለፉ ደረሰ። አንድም ካላሸነፈ እስከ ጥሎ ማለፍ! በአንድ ዓመት!

ታዲያ ይህንኑ ቀድቶ ማምጣት ነዋ? አይሆንም። አንደኛ ነገር፣ እዚያ ልጆቹን መዝግቦ፣ ለክቶ፣ አሰልጥኖ የሚያቀርብ ሥርዓት ከሥር አለ። እዚህ ወረፋ ቢወጣ፣ የሚመረጡት እነማን እንደሆኑ የሚያውቀው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ልጅቷን "ተራው የእገሌ ክለብ ስለሆነ እዚያ ሂጂ" ማለት ራሱ አነጋጋሪ ነው። አሜሪካኖቹ ትልቁ የሴቶች ሊጋቸው ውስጥ ለዓመታት ይዘውት የቆዩትን ይህን የምርጫ ወረፋ እ.ኤ.አ. በ2024 የሰረዙት ተጫዋቿ ክለቧን ራሷ ትምረጥ ብለው ነው። ለሀብታም አሜሪካዊት መብት የሆነ ነገር ለይፋት ልጅ ቅንጦት ሊሆን አይችልም።

የደመወዝ ጣሪያውም ቢሆን ተሞክሮ ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለወንዶቹ ክለቦች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው በጓሮ በር ይታለፋል ተብሎ መታማት ጀመረ። ባለ ብዙ በጀቱን ወደ ታች መጎተት እዚህ አገር ከወረቀት አያልፍም። የተሻለው የታችኛውን ማንሳት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የአሊዩ አምባ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ክለብ ለአንዲት ተጫዋች ከሚከፍለው የዓመት ደመወዝ ላይ አምስት በመቶ ያህል ጨምሮ ያውጣ፤ ያም ለጀመረችበት ትምህርት ቤት ወይም ፕሮጀክት ይድረስ። ከደመወዟ አይቆረጥ፣ ከክለቡ ኪስ ይሁን። ለምሳሌ ያህል በወር 20 ሺህ ብር የሚከፈላት ተጫዋች ብትኖር በዓመት 240 ሺህ ነው። አምስት በመቶው 12 ሺህ ብር ይመጣል። ለባንክ ይሄ ምን አላት? ለአንድ የወረዳ ፕሮጀክት ግን ኳስ ነው፣ መረብ ነው፣ ለውድድር መሄጃ የአውቶብስ ዋጋ ነው። ከአንድ ቦታ ሦስት አራት ልጅ ከወጣ ደግሞ ነገሩ ቁም ነገር ይሆናል፤ አስተማሪውም አምስተኛዋን ለማውጣት ምክንያት ያገኛል።

ምሳሌው እስከተወሰነ ድረስ ነው፣ ይህም መባል አለበት። በዚያ ዘመን በሸዋ ገበያ ሰው ሳይቀር እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ተጫዋች ደግሞ አሞሌ ጨው አይደለችም። ቀረጡ በእሷ ላይ ከሆነ፣ ወይም ካልተከፈለ አትሄድም የሚል ማገጃ ከሆነበት፣ ባይኖር ይሻላል። ልጅቷ በነጻ ትለፍ፣ ሒሳቡን ክለቡ ይዝጋ።

"ፊፋ ራሱ ያልጠየቀውን?" የሚል የደንብ አዋቂ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ የፊፋ የዝውውር ደንብ ለወንዶች የደነገገውን የሥልጠና ካሳ ለሴቶች ሳያደርግ ነው የቆየው። ገና የሚያድገውን ስፖርት ክፍያ እንዳያንቀው በሚል ነው፣ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን በአውሮፓ የታዳጊ ማሠልጠኛ ያለው ክለብ ያለ ካሳም ይኖራል። እዚህ ልጅቷን የሚያሳድጋት ክለብ ሳይሆን አስተማሪና ወረዳ ነው። በአንድ አገር ውስጥ የሚደረገውን ዝውውር የሚመራው ደግሞ የአገሩ ፌዴሬሽን ነውና፣ በራሱ ደንብ ማስገባት የሚከለክለው የለም።

ትልቁ ተቃውሞ የሚመጣው ከከተማ ክለቦች ነው። የሴቶቹን ቡድን እንደ ዕዳ የሚያይ አመራር ሞልቷል። ካፍ በአህጉራዊ ውድድር የሚሳተፍ የወንዶች ክለብ የሴቶች ቡድን ይኑረው ካለ ወዲህ ለፈቃዱ ብቻ ሲባል የሚያዝ ቡድንም አለ። "ቀረጥ ከጨመራችሁ እናፈርሰዋለን" ቢሉ ማስፈራሪያ ብቻ አይሆንም፣ ያደርጉታል። ስለዚህ ሁሉም እኩል አይክፈል። በጀቱ ትልቅ የሆነው ይክፈል፣ ከሰንጠረዡ ግርጌ ያሉት ነጻ ይሁኑ፤ እንዲያውም የእነሱን ድርሻ ፌዴሬሽኑ ይሸፍን። የወንዶቹ ሊግ ከዲኤስቲቪ ገንዘብ ሲከፋፈል ዓመታት ያዩ ሴቶች ከስፖንሰር ገቢ ይህቺን ያህል ቢጠይቁ አይበዛባቸውም።

ይፋት ላይ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። አጣዬ በ2013 ተቃጠለች፣ ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 ጦርነቱ ውስጧ ገባ፤ ከዚያ በኋላም የአማራ ክልል ሰላም አላገኘም። ሰዉ በሕይወት ስለመኖር በሚያስብበት ቦታ የሴቶች ኳስ የመጨረሻው ጉዳይ መሆኑ አይቀርም። ልጆቹ ግን የኳስ ዕድሜያቸው ሰላምን አይጠብቅም፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ነገ አሥራ ስምንት ይሞላታል። በሊጉ ከክልሉ ስሙ የሚጠራው ባህር ዳር ከተማ ነው፤ ባህር ዳር ደግሞ ለይፋት ልጅ ከአዲስ አበባ ይልቅ ሩቅ ነው።

ለመነሻ ብዙ ስብሰባ አያስፈልግም። ቀረጥ ከመሰብሰቡ በፊት ዕቃው ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት የምትፈርመው ልጅ ከስሟና ከልደት ቀኗ ጋር ኳስ የጀመረችበት ትምህርት ቤት፣ ቀበሌና የመጀመሪያ አሰልጣኟ ስም ይመዝገብ። ክፍያው በዓመቱ ይምጣ፣ ስሙ ግን ዘንድሮ ይጻፍ።