ከሰንዳፋ እስከ አንኮበር፦ እናትዎን ይዘው ይሂዱ

ሰንዳፋን ስንት ጊዜ አልፈዋታል? ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለሥራ ሲጣደፉ ይሆናል። በዚህ ወር ግን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀው፣ ልጆችዎንና እናትዎን ይዘው፣ ሳይቸኩሉ ወደ ሰሜን ይውጡ።

አለልቱን አልፈው ሸኖ ሲደርሱ ይቁሙ። ሸኖ ሲባል ቅቤ የማይታወሰው የለም። መርጦ መግዛቱን ለእናትዎ ይተዉት። ነክተው፣ አሽትተው፣ ቀምሰው ሲመርጡ ልጆች አጠገባቸው ቆመው ይዩ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቆረቆሯት፤ ስሟም በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ጋር ይያያዛል። ብርዷ ከባድ ነውና ጋቢ አይርሱ። ለምሳ ትኩስ የገብስ ገንፎ ይዘዙ፣ መሐሉ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ። ገብስ ብርድ ስለሚችል የዚህ ደጋ ገንፎው፣ በሶው፣ ቆሎው ሁሉ ከእሱ ነው። አረቄውም ስመ ጥር ነው፤ መሪ የያዘ ሰው ግን አይቅመሰው።

ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ አንኮበር ይደርሳሉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም፣ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም የነገሡባት የሸዋ መናገሻ ናት። ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በእግር ይወጣል። ከላይ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ የአፋር ቆላ ከእግርዎ ሥር ተዘርግቶ ያያሉ። ከታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ በኩል የአፋር ጨው ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። የደጋው ገበታ ጨው በዚያ ዳገት የመጣ ነው።

ልጆችዎ «ቤተ መንግሥቱ የታለ?» ማለታቸው አይቀርም። ከጥንቱ የቀረው ጥቂት ፍራሽ ነውና። ያኔ እናትዎ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ያውጉላቸው። ድንጋዩ ቢፈርስም ወሬው በሰው አፍ ይቆያል፤ የሚጠይቅ ካለ።

እኔ ሳልጠይቅ ዘግይቻለሁ። እናቴ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ አብሹን በስንት መጠን እንደምታደርግ ሳልጽፍ አለፈች። ዛሬ የሸኖ ቅቤ ገዝቼ ባነጥርም የእሷን ሽታ አላገኘሁትም።

እርስዎ ግን ከመንገድ ሲመለሱ ቅቤውን ከእናትዎ ጋር ያንጥሩ። ብዕሩን ለልጆች ይስጡ።