አንድ ስም፣ 48 አጻጻፍ

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማይወራበት ቀን እየጠፋ መጥቷል። የጎግል ተመራማሪዎች «ትራንስፎርመር» የተባለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2017 ካቀረቡ ወዲህ፣ ኮምፒዩተር ጽሑፍን በመተርጎም፣ በማሳጠር፣ አልፎም ፕሮግራም በመጻፍ ረገድ ከፍተኛ እመርታ አሳይቷል። በዚህ ወቅት ስለ ፊደልና ስለ መረጃ ቋት መጻፍ ወደ ኋላ መመለስ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ አበው፣ ከሥሩ መጀመርን መርጠናል።

«ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጻፍ ይችላል፤ ይህ አራት ምርጫ ነው። «ፀ» በ«ጸ» ሊተካ ይችላል፤ ይህ ሁለት ነው። «ሐ» ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊተካ ስለሚችል ስድስት ምርጫ ይሰጣል። 4 × 2 × 6 = 48። ለጆሮ ሁሉም አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን 48 የተለያዩ ስሞች ናቸው። ኮምፒዩተር የሚያወዳድረው ድምፅን ሳይሆን ቁጥርን ነውና። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የ«ሀ» ቁጥር 4608፣ የ«ሐ» 4624፣ የ«ኀ» ደግሞ 4736 ነው።

ጉዳዩ የሰዋስው ክርክር ብቻ አይደለም። አንዲት እናት ወደታከመችበት ጤና ጣቢያ ተመለሰች እንበል። መዝጋቢው ስሟን በሌላ ፊደል ጽፎ ሲፈልግ ያጣውና አዲስ ካርድ ያወጣል። የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት የተጻፈው ግን በቀድሞው ካርድ ላይ ነው። «ለእያንዳንዱ ታካሚ መለያ ቁጥር ይሰጣል» የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። እውነት ነው፤ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው በሠንጠረዦች ላይ በተመሠረተው የመረጃ ቋት ሞዴል እያንዳንዱ መዝገብ የሚታወቀው በልዩ ቁልፉ ነው። ይሁን እንጂ ካርዷን ቤት ረስታ የመጣች እናት የምትጠየቀው ስሟን ነው።

ጥፋቱን በዩኒኮድ ላይ ማሳበብ አይገባም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መካተቱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት ልዩ ልዩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን የቁጥር አሰጣጥ ይከተሉ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ አስቀምጧል፤ የትኞቹ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ይታዩ የሚለውን መወሰን የፕሮግራመሩ ፈንታ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ መለወጥ ይመስላል። ለማሽን ለርኒንግ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ብዙ ባለሙያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ጽሑፉ ጥቂት በሆነበት ቋንቋ አንድን ቃል በብዙ መልክ መበተን ትምህርቱን ያዳክማል። ነገር ግን «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ፣ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት፣ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። ከተጨፈለቀ ጽሑፍ የተማረ ሞዴል ይህን ልዩነት ከፊደሉ ሊያውቅ አይችልም። ዋናው ጽሑፍ ካልተቀመጠ ደግሞ የጠፋውን መመለስ ያዳግታል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፦ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን ማጥፋት አያስፈልግም። በመረጃ ቋቱ አንድ ዓምድ ላይ ባለቤቱ የጻፈው ስም ሳይነካ ይቀመጥ፤ በሌላው ዓምድ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግለው ወጥ አጻጻፍ ይቀመጥ። ለሞዴል ማሠልጠኛ የሚሰበሰብ ጽሑፍም እንዲሁ በሁለት መልክ ይያዝ።

ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። «ገብረ ማርያም»፣ «ገብረማርያም» እና «ገ/ማርያም» አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ ተማሪ ግማሹን ሥራ ይዞታል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሕጎቹን ዘርዝራችሁ ጻፉ፤ በስሞች ፈትኑ፤ ውጤቱንም ሌሎች እንዲያርሙት በይፋ አውጡት። በስሟ ጠርተን ያላገኘናትን እናት በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናገለግላታለን ማለት፣ በእኛ እምነት፣ መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ ማዋቀር ነው።