ወንዶ ገነትና ሐይቃችን



ከሐዋሳ ተማሪዎች አንዱን ስለ ተራራ ንገረን ቢሉት ከሁሉ አስቀድሞ የአልፕስን ስም ይጠራል። ሞንት ብላንክ ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳለው፥ የአልፕስ በረዶ ሲቀልጥ የራይንንና የሮንን ወንዞች እንደሚመግብ ሳይደናቀፍ ያስረዳል። ይህ ዕውቀት ያስመሰግነዋል እንጂ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ያንኑ ተማሪ «ጥቁር ውሃ ከወዴት ይመነጫል?» ብለው ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፥ ከጀርባችን የቆመውን ተራራ የሩቁን ያህል እንኳ አላወቅነውም። እኔ በበኩሌ ወንዶ ገነት የሽርሽር ስፍራ ብቻ ሳትሆን የሐይቃችን እናት ናት የሚል እምነት አለኝ፤ ስለዚህም የከተማ ልጆች ለእርሷ የምንከፍለው ዕዳ አለብን።

በመጀመሪያ ስለ አቀማመጧ ጥቂት ልናገር። ወንዶ ገነት ከሐዋሳ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከሻሸመኔም በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ግርጌ የተቀመጠች ናት። ሐይቃችን ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲገኝ፥ ከወንዶ ገነት በላይ ያሉት የአባሮ ተራሮች ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣሉ። የመሬት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ሐዋሳ የተቀመጠችበት ሜዳ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሰመጠ ሰፊ ጐድጓዳ ስፍራ ነው፤ የወንዶ ገነት ገደልም የዚያ ጐድጓዳ ምሥራቃዊ ከንፈር ነው። ያ የጥንት እሳት ፈጽሞ አለመጥፋቱን የሚመሰክሩት ፍል ውሃዎቹ ናቸው። የሀገሬው ልጆች በቆሎና ድንች የሚቀቅሉበት ውሃ ከዚያው ከመሬት ሆድ የሚወጣ ነው።

ከተራራው የሚወርዱት እንደ ወሻና ወርቃ ያሉ ጅረቶች በመጀመሪያ የሚያርፉት በጨለለቃ ረግረግ ነው። ረግረጉ እንደ ወንፊት አፈሩን ያስቀርና ውሃውን አጣርቶ በጥቁር ውሃ ወንዝ አማካይነት ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይልካል። ክረምት ከበጋ ሳይቋረጥ ወደ ሐይቃችን የሚገባ ወንዝ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ከሐይቁ የሚወጣ አንድም የሚታይ ወንዝ የለም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከተራራው ታጥቦ የመጣ አፈር አንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ ከገባ መውጫ በር የለውም።

ታሪኳም እንደ አቀማመጧ የሚያስደንቅ ነው። ሲዳማዎችና ኦሮሞዎች በዚህ ግርጌ እንሰትና ቡና እየተከሉ፥ ከብት እያረቡ ኖረዋል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፍል ውሃውን ወደው የማረፊያ ቤት አሠርተውበት ነበር፤ ስፍራው ከዚያ ወዲህ ሆቴል ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ አደረገው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የደን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የሀገራችን የደን ባለሙያዎች ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። ይህም ኮሌጅ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን፥ የተራራው አካባቢ ከፊሉ በሲዳማ፥ ከፊሉ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ሆነ። ውሃው ግን ይህን ወሰን አያውቅም፤ ከሁለቱም ወገን ተሰብስቦ ወደ አንድ ሐይቅ ይወርዳል።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር እመጣለሁ። ተመራማሪዎች ከሰማይ የተነሡ ፎቶግራፎችን አስተያይተው እንዳረጋገጡት፥ ወንዶ ገነት በምትገኝበት በደቡብ ማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1972 ከመሬቱ 16 ከመቶ የሚሆነው የተፈጥሮ ደን ነበረ፤ በ2000 ግን የቀረው 2.8 ከመቶ ብቻ ነው። በ28 ዓመት ውስጥ ከ40,000 ሄክታር በላይ ደን ጠፋ ማለት ነው። ዝግባውና ዋንዛው ሲቆረጥ አፈሩ ባለቤት አጣ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሐይቅ መልክ የነበረው ጨለለቃም ደለል ሞልቶት ዛሬ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ሆኗል። ወንፊቱ ሲደፈን ጭቃው ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

«ጥፋቱ የገበሬው ነው፤ ደኑን መንጥሮ ጫት ተከለበት» የሚሉ አሉ። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም። ገበሬው ማሳው ጠባብ ነው፤ ጫት ደግሞ በዓመት ደጋግሞ ስለሚቆረጥ ለልጁ ደብተርና ለቤቱ ጨው የሚሆን ገንዘብ ቶሎ ያስገባለታል። ጫቱን የሚገዛው ማን ነው? በከሰሉ ቡና የሚያፈላው፥ በጣውላው አልጋ የሚያሠራውስ ማን ነው? እኛ ከተሜዎች አይደለንምን? ገዢው በሐይቁ ዳር ተቀምጦ ሻጩን ብቻ መውቀሱ ቅን ፍርድ አይመስለኝም።

ይህን ችግር በጥበብ ያለፉ ሕዝቦች አሉ። በዚያው በምናጠናው በአልፕስ፥ አንደርማት የምትባል የስዊስ መንደር በ1397 (እ.ኤ.አ.) ከመንደሩ በላይ ያለውን ደን ማንም እንዳይቆርጥ ከለከለች፤ ደኑ የሚናደውን በረዶ ያግድላት ነበርና። ነገር ግን ምክር ፍለጋ ያን ያህል መራቅ አያስፈልገንም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሲከበር፥ የጎሳ አባቶች ሕዝቡን ከሚመክሩት አንዱ ሀገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጥ ነው። ከዚህ የተሻለ የደን ትምህርት የት ይገኛል? ምክሩ ጉዱማሌ ላይ ተሰምቶ በዓሉ ሲያልፍ እንዳይረሳ ማድረግ ግን የእኛ የወጣቶች ፋንታ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ ከመምህራኖቻችን ጋር ከወንዶ ገነት ጅረቶች እስከ ጥቁር ውሃ ድልድይ ድረስ የውሃውን መንገድ ተከትለን እንሂድ፤ ከየስፍራው በጠርሙስ ውሃ ቀድተን የሚዘቅጠውን ጭቃ እንለካ። ውጤቱም በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ይታተም፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሐይቃችን ታሪክ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ችግኝ ስንተክል ባሕር ዛፍ ብቻ ሳይሆን ዝግባና ዋንዛም እንትከል፤ የምንቈጥረውም የተተከለውን ሳይሆን በዓመቱ ጸድቆ የተገኘውን ይሁን። ሦስተኛ፥ በሐይቁ የምትኖረው ከተማ ዛፉን ለጠበቀው ገበሬ ከገቢዋ ታካፍል። ወላጆቻችን ሆይ፥ ይህ ሦስተኛው ከእኛ ከተማሪዎች አቅም በላይ ነውና በቀበሌና በከተማ ስብሰባ ስለ እኛ ተናገሩልን።

ጓደኞቼ ሆይ! አልፕስን ማጥናታችንን አንተው፤ ነገር ግን የአንደርማት ሰዎች ተራራቸውን የጠበቁት የሰው አገር ተራራ ስለሸመደዱ አይደለም። የራሳቸውን ስላወቁ ነው። እኛም የራሳችንን እንወቅ፤ ያወቅነውንም እንጠብቅ።